መምህሩ አልሰከሩም

መምህር ገብረሕይወት ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ሰዓት ለሁለተኛ ጊዜ አጠፉት። ፈተናው ሦስት ሰዓት ተጀምሮ አምስት ሰዓት እንደሚያበቃ መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። መጀመሪያ ቦታ አቀያየሩት። ቀጥሎ ሁለቱንም ስምንት ሰዓት አደረጓቸው። አሁን ደግሞ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንዳሳረፉ ቆመው ቀሩ፤ የሚጽፉትን ሌላ ሰው እንዲነግራቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ከኋላ ሚልዮን ሳቀ። ሳቁን በሳል ሊሸፍነው ሞክሮ አልሆነለትም።

«ቲቸር ዛሬ ቀምሰው ነው የመጡት» አለ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ።

ሁለት ሦስት ልጆች አፋቸውን ያዙ። ሰገን ግን አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ መምህሩን ማየት ጀመረች። ቀኑ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ሞዴል ፈተና የሚሰጥበት ነው። ሚኒስትሪ ሊደርስ ሁለት ወር ይቀረዋል። የሞዴሉ ውጤት ከዓመቱ ነጥብ ጋር እንደሚያዝ፣ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ያለ ፈቃድ ከክፍል የወጣ ተማሪም ዜሮ እንደሚሰጠው ዲሬክተሯ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል።

መምህር ገብረሕይወት ወረቀት ማደል ጀመሩ። ለአንዱ ሁለት፣ ለሌላው ምንም። ከሰገን ፊት ያለው ዴስክ ላይ የተቀመጠችውን ሰብሪናን «ሰላማዊት» ብለው ጠሯት። ሰላማዊት የሚባል ልጅ ክፍሉ ውስጥ የለም። ሰብሪና «አቤት ቲቸር» ስትል ደግሞ ቆጣ አሉና «ዝም በይ፣ ማን ጠራሽ» አሏት። እሳቸው ተማሪ ላይ ሲቆጡ ማንም አይቶ አያውቅም። ሳቁ ከሁሉም ዴስክ መጣ።

ሰገን ጋ ሲደርሱ ወረቀቱ ከእጃቸው ሊያመልጥ ሲል ያዘችላቸው፤ ጣታቸው ጣቷን ነካው። ቀዝቃዛ ነበር። ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ግን ከቧንቧ ውሃ እንደወጣ ይቀዘቅዛል፤ ይንቀጠቀጣልም።

ስካርን ሰገን ታውቃለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የተማረችው ነው። ካዛንቺስ፣ ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ሆና፣ የአባቷን የወልዱን አካሄድ ገና ከመንገዱ ትለይ ነበር። የግቢውን በር መወርወሪያ በአንድ ጊዜ ካገኘው ደህና ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከፈለገው ሳህኖቹን ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ሦስተኛ ከሆነ ትንሹን ወንድሟን ተስፋለምን ይዛ ወደ ጎረቤታቸው ወደ አይናለም ቤት ትሮጣለች። አረቄ የጠጣበትን ቀን ቢራ ከጠጣበት ቀን በትንፋሹ ትለያለች። ሊያለቅስ ነው ወይስ ሊጣላ፣ ከመናገሩ በፊት ከትከሻው ታነባለች። አንዳንድ ቀን ያነበበችው አልጠቀመም፤ እናቷ መብርሂት በማግስቱ ክንዷን በነጠላ ሸፍና ሥራ ሄዳለች።

አባቷ ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ አልጠጣም። ጸበል ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጣ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ወደሚሠራበት ጎማ ቤት ተመለሰ፣ በጊዜ ቤቱ ይገባል። የሰገን ጆሮ ግን ሥራውን አላቆመም። ክፍል ውስጥ እንኳ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቷ ይዞራል። መምህር ገብረሕይወት ራሳቸው አንድ ቀን «ሰገን፣ በሩ ሒሳብ አያስተምርሽም» ብለው ክፍሉን አስቀውባታል።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰብሪና እንኳ የምታውቀው የሰገን አባት በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር መሆኑን ነው።

መምህሩ ወደ ወንበራቸው ሄዱ፤ ሲቀመጡ ጠርዙን ስተው በአንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘው ተረፉ። አሁን ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘባቸው። ሚልዮን ተነስቶ ወጣና ከወይዘሮ ሸዋአየሁ ጋር ተመለሰ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ፊታቸው ቀላ።

«መምህር ገብረሕይወት።»

«እ…» አሉ እሳቸው። ቀና አላሉም።

«በጾም» አሉ ዲሬክተሯ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሳቸው ያህል። «በልጆች ፊት።» ከዚያ የጥበቃ ሠራተኛውን ጋሽ ከተማን አስጠሩ። «ወደ ጥበቃ ቤት ይውሰዷቸው። ተኝተው ይለፍላቸው። ሌላውን በኋላ በጽሑፍ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ከተማ መምህሩን በብብታቸው ደግፈው አወጧቸው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሰሌዳው ላይ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፉ፣ ወረቀቱን እንደገና አከፋፈሉ፣ «በሉ ጀምሩ፣ ጨዋታው አብቅቷል» አሉ።

ሰገን የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች። እንደገና አነበበችው። ቀላል ነበር፤ ግን ቁጥሮቹ አልገቧትም። ተኝተው ይለፍላቸው የሚለው ቃል ነው ጆሮዋ ላይ የቀረው። አባቷ ሲሰክር እውነትም ተኝቶ ያልፍለት ነበር። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። መጠጥ አልሸተቱም። ዓይናቸው አልቀላም። ከሁሉም በላይ፣ የሰከረ ሰው መስከሩን ይደብቃል። አባቷ በሰከረ ቁጥር ቀጥ ብሎ ለመራመድ እግሩን እያየ ነበር የሚሄደው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠ ነበር የሚናገረው። መምህር ገብረሕይወት ምንም አልደበቁም። የሚደበቅ ነገር እንዳለም የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

እጇን አወጣች።

«ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ።

«እትዬ፣ ቲቸር የሰከሩ አይመስለኝም።»

«ፈተናሽን ሥሪ።»

«አይሸቱም እኮ። እጃቸው ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ወረቀት ሲሰጡኝ ነክቶኛል። ማለቴ… የሰከረ ሰው እንደዛ አይሆንም።»

«አንቺ ደግሞ ሰካራም የት ታውቂያለሽ?» አለ ሚልዮን ከኋላ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ሳቁ ስላላለቀለት ነው።

ክፍሉ መልሷን ጠበቀ። ቴሌቪዥን ላይ ነው ማለት ትችል ነበር። ጎረቤታችን ማለትም ትችል ነበር። ወይም «እንጃ» ብላ መቀመጥ። ወይዘሮ ሸዋአየሁን አየቻቸው፤ ፊታቸው ላይ እንጃ በሚል ቃል ከቦታቸው የሚነሱ ሴት እንዳልሆኑ ይነበባል።

«ከቤት ነው የማውቀው» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ራሷንም ገረማት። «አባቴ ይጠጣ ነበር። ስንት ዓመት በየቀኑ አይቻለሁ። ቲቸር ታመው ነው እንጂ አልሰከሩም። ብቻቸውን መተኛት የለባቸውም።»

ሰብሪና ከፊቷ ዞረች። ዓይኖቿ ሰፍተው ነበር። ጅቡቲ የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ መጥቶ ሲመለስ ሰገን አየችው። ሰብሪና ግን የጠየቀችው ሌላ ነው።

«እጃቸው ይንቀጠቀጣል?»

«አዎ።»

«አልቧቸዋል?»

«በጣም።»

«አጎቴ ሁዘይፋ ስኳር አለበት» አለች ሰብሪና ወደ ዲሬክተሯ ዞራ። «መርፌውን ተወግቶ ምግብ ካለፈው ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው። ሰው ይረሳል፣ ይቆጣል። አንዴ እኛ ሱቅ ውስጥ ወድቆ ሐኪም ቤት ነው የነቃው።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ግራ ገባቸው። ሠላሳ ስምንት ተማሪ ፊታቸው ወረቀት ይዞ ተቀምጧል፤ በየክፍሉ ፈተና ስላለ የሚተካቸው መምህር የለም። «እሺ… ሰው ልኬ አስጠይቃለሁ። ፈተናው ይለቅና—»

ፈተናው ሊያልቅ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይቀራል። ሰገን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ከዴስኳ ወጣች።

«ሰገን፣ ከወጣሽ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ጣፋጭ ነገር ስጫቸው!» አለች ሰብሪና ከኋላዋ። «ስኳር!»

ሰገን ሜዳውን በሩጫ አቋረጠችው። ጥበቃ ቤቱ ከዋናው በር አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጋሽ ከተማ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ተኝተዋል፤ አትቀስቅሻቸው» አሏት።

«ጋሽ ከተማ፣ ስኳር አለዎት?»

«ለሻይ የማስቀምጣት አለች። ምነው?»

መምህር ገብረሕይወት አግዳሚው ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ጋሽ ከተማ ስኳሩን ከፌስታል አውጥተው ሰጧት፤ አምስት ማንኪያ ሙሉ በብርጭቆ ውሃ በጠበጠች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ሳታስብ ነው ያደረገችው። ከፊት ለፊታቸው አልቀረበችም፤ ራሱን የማያውቅ ሰው ከፊት ሲመጡበት እጁን ይሰነዝራል። በጎን መጥታ ትከሻቸውን ደገፈች። አልጮኸችም፤ ጩኸት ያስደነግጣል። ስማቸውን ዝግ ባለ ድምፅ፣ ደጋግማ ጠራች። «ቲቸር። ቲቸር ገብረሕይወት። ትንሽ ውሃ ነው። ትንሽ ብቻ።» ዓይናቸው በግማሽ ሲከፈት ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ አደረገች፤ እስኪውጡ ጠበቀች፤ ደግማ ጨመረች። የመጀመሪያው ጉንጭ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጡት። ጋሽ ከተማ ቆመው ያያሉ።

«ማን አስተማረሽ ይሄን?» አሏት።

ሰገን ሦስተኛውን እያጠጣች ነበር።

ብርጭቆው ግማሽ ሲሆን በሩ ላይ ጥላ መጣ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነበሩ፤ ክፍሉን ለማን ትተውት እንደመጡ እግዚአብሔር ይወቅ፣ እየሮጡ መምጣታቸው ከትንፋሻቸው ያስታውቃል። ገብተው መሬቱ ላይ ተንበረከኩና የመምህሩን እጅ ያዙ። እጁ ሲቀዘቅዝባቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጊዜው ረዘመ። አሥር ደቂቃ ይሆናል፣ አሥራ አምስትም ይሆናል። መጀመሪያ ላቡ ቆመ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ቀለም አገኘ። ከዚያ መምህር ገብረሕይወት ቀና ብለው የቆርቆሮውን ጣሪያ፣ ጋሽ ከተማን፣ መሬት ላይ የተንበረከኩትን ዲሬክተር በየተራ አዩ።

«ፈተናው ተጀመረ እንዴ?» አሉ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሊስቁ ሲሉ እንባቸው መጣ። «ተጀምሯል፣ ተጀምሯል» አሉ፣ እጃቸውን ሳይለቁ። ሰገን ብርጭቆውን አስቀመጠች። ወጥታ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ከተማ ታክሲ ሊያስቆሙ በአጠገቧ ሲያልፉ ራሷን ዳሰስ አደረጓት።

ሰብሪና ምሳ ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጅቡቲ ነው ያልሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«አዎ። በቃ… አንዴ አልኩት፣ ከዚያ መመለስ አቃተኝ።»

«ያ ተምርስ? አባቴ ላከልኝ ብለሽ ያመጣሽልኝ?»

ሰገን አንገቷን ደፋች። «ከሜክሲኮ አደባባይ ነው የገዛሁት። ታክሲ ተራው ጋ።»

የሰብሪና ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰገን እያለቀሰች መስሏት ደነገጠች። እየሳቀች ነበር።

«አባቴን እኮ የጅቡቲ ተምር ሌላ ነው ብዬ ተከራክሬዋለሁ። ባለሱቁን። እሱ ራሱ ከሜክሲኮ ነው የሚያመጣው።» ሳቋን ስትጨርስ ፊቷን በሻርፗ ጠረገችና ቆጣ አለች። «ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። መጥፎ ቀን ሲሆን ደግሞ እኛ ቤት ትመጫለሽ፣ ከወንድምሽ ጋር። እሺ?»

«አሁን እኮ አይጠጣም።»

«ይሁና። እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች ሰገን።

መምህር ገብረሕይወት በማግስቱ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ መጡ። ሐኪሙ እንዲያርፉ ቢነግራቸውም ቤት መቀመጥ እንዳልቻሉ ለሁሉም ይናገራሉ። ሰገንን ከመምህራን ክፍል ውጭ በረንዳው ላይ አገኟት።

«መርፌዬን ተወጋሁ፣ ጾም ነው ብዬ ሳልበላ መጣሁ» አሏት። «ሐኪሙም ተቆጥቶኛል፣ ንስሐ አባቴም ተቆጥተውኛል። እንደዚያ ተስማምተው አያውቁም።»

ሰገን ፈገግ አለች።

«ወይዘሮ ሸዋአየሁ ያልሽውን ነግረውኛል። ስለ አባትሽ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ በበሩ ነገር አሾፍኩብሽ። ለምን እንደምትዞሪ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

«ምንም አይደል ቲቸር።»

«ነው እንጂ» አሉ። «በዚህ ዕድሜሽ ያን ሁሉ ማወቅ አልነበረብሽም። ምርጫው የእኔ ቢሆን ባትማሪው ይሻለኝ ነበር። ግን ትናንት ለእኔ ሆነኝ። ለሚስቴና ለልጆቼም ሆነላቸው። ይህንንም ላልነግርሽ አልችልም።»

ሰገን እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ሁሉ መስማትና ማየት እንደ ጠባሳ፣ በልብስ መሸፈን ያለበት ነገር አድርጋ ነበር የምታስበው። ለሰው ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

መምህሩ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጧት። «ፈተናውን ሰኞ ብቻሽን ትወስጃለሽ። ዜሮው ቀርቷል። ግን ለመዝገቡ ወላጅ መጥቶ መፈረም አለበት፤ ወይዘሮ ሸዋአየሁም ሊያመሰግኑ ይፈልጋሉ። ማንን እንደምታመጪ አንቺ ታውቂያለሽ።»

አባቷ የዚያኑ ዕለት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እጁን በኦሞ እያሸ ታጠበ፤ የጎማ ጥላሸት ከጥፍሩ ሥር መቼም አይለቅም። ቤት ሲገባ እናቷ እራት ታቀራርባለች፤ ተስፋለም መሬት ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ ይሠራል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ሰገን።

ሁሉንም ነገረችው። መምህሩን፣ ሳቁን፣ የሚልዮንን ጥያቄ። መልሷ ጋ ስትደርስ እናቷ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ወልዱ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ ሰማ።

«ሁሉም ሰሙ?» አለ።

«ሁሉም።»

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው? ቃሉን ንገሪኝ።»

«አባቴ ይጠጣ ነበር አልኩ።»

«ነበር አልሽ?»

«ነበር አልኩ።»

ወልዱ ራሱን ነቀነቀ። ፎጣውን አጣጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጣጠፈው። «ውሸት አልተናገርሽም» አለ ሲቆይ። «ሰውየው ተርፈዋል?»

«ዛሬ መጥተው አስተማሩ።»

«ተመስገን።»

እናቷ ድስቱን አስቀመጠች፤ በረጅሙ ስትተነፍስ ተሰማ። ሰገን ወረቀቱን አወጣች። ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወላጅ።

«እኔ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለች መብርሂት። የወላጅ ስብሰባ ሲኖር ሁልጊዜም እሷ ናት የምትሄደው።

«አዎ፣ እናትሽ ትሂድ» አለ ወልዱ ቶሎ ብሎ። «እኔ ምን አደርጋለሁ። ልጆቹም ያያሉ… ታፍሪያለሽ።»

ሰገን አባቷን አየችው። ትከሻውን እንደ ድሮው አነበበችው። ሊያለቅስም ሊጣላም አልነበረም። እንደሷ ፈርቶ ነበር። የድሮው ነገር አልተረሳትም፤ የተስፋለም እጅ እጇ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የእናቷ ነጠላ። ሰኞ በሩ ላይ ሚልዮን ይኖራል፣ ሰው ያያል፣ አንዳንዱም ያወራል። ያም ቢሆን ይታለፋል፤ ትናንት ከዚያ የሚከብደውን በሠላሳ ስምንት ሰው ፊት ተናግራለች።

ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የወላጅ ስም በሚለው መስመር ላይ አቶ ወልዱ ካሕሳይ ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሥራ የሚል ሌላ ባዶ መስመር ነበር። እሱም ላይ፣ በደንብ በሚነበብ ጽሑፍ፣ ጎሚስታ ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ አባቷ ገፋ አደረገችው።